ኢንተርኔት የሚባል ሠዓሊ የለም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ክቡር አዘጋጅ፣

ሰሞኑን በባህል ገጻችሁ ስለ ዲጂታል ሥዕል የወጣውን ጽሑፍ አነበብኩት። ጸሐፊው በቅን ልቦና እንደጻፉት አልጠራጠርም። አንድ ዓረፍተ ነገር ግን አላስቀምጠኝ አለ። «የዛሬ ሠዓሊ ሐሳቡን ያቀርባል፤ ቀሪውን ኮምፒውተሩ ይጨርሰዋል» ይላል። ከጽሑፉ ጎን ደግሞ አንድ ግሩም ሥዕል ታትሟል። ዝናብ ያራሰው መንገድ፣ የመብራት ነጸብራቅ፣ ጃንጥላ የያዘ ሰው። ከሥሩ የተጻፈው «ምንጭ፦ ኢንተርኔት» የሚል ብቻ ነው።

ሁለቱ አንድ ገጽ ላይ የተገናኙት እንዲያው በአጋጣሚ አይመስለኝም። ሥዕሉን የሠራው ኮምፒውተር ነው ብሎ ያመነ ሰው የሠዓሊውን ስም ለምን ብሎ ይፈልጋል? እኔ የምኖረው በዚህ ሙያ ነው። በግሌ እሠራለሁ፤ ቀጣሪ የለኝም። የመጽሐፍ ሽፋን እሠራለሁ፣ ለመጽሔት እስላለሁ፣ ማንም ሳያዘኝ ለራሴ የምስለውም አለ። ስለዚህ ጠረጴዛዬ ላይ ያለውን ሁሉ ልዘርዝርላችሁ። የቱ የእጅ፣ የቱ የማሽን ሥራ እንደሆነ አንባቢ ራሱ ይፍረድ።

ዕቃዬ ብዙ አይደለም። አንድ ላፕቶፕ፣ ከእሱ ጋር የተያያዘ ትልቅ ስክሪን፣ ኪቦርድ፣ እና ራሱ ስክሪን የሌለው መካከለኛ የሥዕል ታብሌት፣ ማለትም በልዩ ብዕር የሚሳልበት ሰሌዳ። ሥዕሉ የሚታየኝ ፊት ለፊት ነው፤ እጄ ያለው ታች ጠረጴዛው ላይ ነው። ለጀማሪ ይህ ግራ ያጋባል። ዓይንና እጅ እስኪግባቡ ጊዜ ይወስዳል። ስክሪን ያላቸው ታብሌቶችም አሉ፤ ብዙ የሙያ ጓደኞቼ የሚሠሩት በእነሱ ነው። እኔ ይሄኛውን የምመርጠው እጄ ሥዕሉን ስለማይሸፍንብኝና ስለማያስጎነብሰኝ ነው። ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ለሚስል ሰው የአንገት ነገር ቀላል አይደለም።

ብዕሩ ባትሪ የለውም። ከታብሌቱ ገጽ ሥር የተዘረጉት ቀጫጭን ሽቦዎች መግነጢሳዊ ሞገድ ይልካሉ። ብዕሩ ውስጥ ያለው ጥቅልል ሽቦ ያንን ተቀብሎ መልሶ ያስተጋባል። ታብሌቱ ብዕሩ የት እንዳለና ምን ያህል እንደተጫንኩት የሚያውቀው ከዚህ ነው። በብዙዎቹ የዛሬ ታብሌቶች ግፊቱ 8,192 ደረጃ ይከፈላል። ቁጥሩ ለማስታወቂያ ይመቻል። ለእኔ ግን ከደረጃው ብዛት ይልቅ ወሳኙ ግፊቱ ወደ መስመር የሚቀየርበት ኩርባ ነው። ከካርቶን እንደወጣ ከተተወ ብዙ ጊዜ ገና ሲነኩት ወፍራም መስመር ያወጣል። እኔ ኩርባውን ጠንከር አድርጌዋለሁ። በስሱ ስነካው የማይታይ ያህል ቀጭን መስመር ይሰጠኛል፤ ወፍራሙን ስፈልግ ክንዴም አብሮ መሥራት አለበት።

ሌላም ትንሽ የምትመስል ነገር አለች። የታብሌቱ ወርድና ቁመት ከስክሪኑ ወርድና ቁመት ጋር ካልተመጣጠነ፣ በእጅ የተሳለ ክብ ስክሪኑ ላይ ሞላላ ሆኖ ይወጣል። «እጄ አልታዘዝ አለኝ» ብሎ ተስፋ የሚቆርጥ ጀማሪ ስንቱ ነው! እጁ ጤነኛ ነው። ሴቲንጉ ውስጥ ገብቶ ማመጣጠን ብቻ ነው የሚያስፈልገው።

መስመር የሚያለሰልስ መሣሪያም ፕሮግራሞቹ ውስጥ አለ። እጅ ሲንቀጠቀጥ እየተከታተለ ያቃናል። ለፊደል ቅርጽ ወይም ለመኪና ጎን ጥሩ ነው። ፊት ስስል ግን አጠፋዋለሁ። ያቺ ትንሽ መንቀጥቀጥ የእኔ ናት። በጣም የለሰለሰ መስመር ማን እንደሳለው አይታወቅም።

በስክሪን ላይ በብዕር መሳል ደግሞ የትናንት ነገር አይደለም። አይቫን ሰዘርላንድ ስኬችፓድ የተባለውን ፕሮግራም በአሜሪካው ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1963 ነው። በብርሃን ብዕር ስክሪኑን እየነካ መስመር ያሰምርበት ነበር። ከዚያ ወዲህ ማሽኑ በጣም ፈጥኗል። ብዕር የያዘው ሰው ግን ዛሬም እዚያው ነው።

የምስልበት ፕሮግራም ክሪታ ይባላል። በነጻ የሚገኝ ነው፤ ኮዱም ክፍት ነው። የመንገድ ወይም የክፍል እይታ ሲያስቸግረኝ ብሌንደር በተባለ የ3ዲ ቅርጽ መሥሪያ ፕሮግራም ውስጥ ሻካራ ሳጥኖች ደርድሬ አረጋግጣለሁ። የብሌንደርን ታሪክ እወደዋለሁ። ፕሮግራሙን የያዘው ኩባንያ ሲዘጋ፣ ፈጣሪው ቶን ሮዘንዳል ከባለሀብቶቹ እጅ ለማስለቀቅ 100,000 ዩሮ ያስፈልገው ነበር። ተጠቃሚዎች በጥቂት ሳምንታት ውስጥ አዋጥተው ሞሉለት። እ.ኤ.አ. በ2002 ኮዱ ለሁሉም ተለቀቀ።

ነጻ ሶፍትዌር የምመርጠው ገንዘብ ለመቆጠብ ብቻ አይደለም። ድሮ የምስለው በወር ክፍያ በሚሠራ ሌላ ፕሮግራም ነበር። ክፍያው ሲቋረጥ የገዛ ፋይሌን መክፈት አቃተኝ። ሌየሮቼ (አንዱ በሌላው ላይ የሚደረቡት የሥዕሉ ንብርብሮች)፣ ረቂቆቼ፣ የወራት ሥራዬ እዚያ ውስጥ ተዘግቶበት ቀረ። በግሉ ለሚሠራ ሰው ይህ ከባድ ነው። የክሪታ ፋይል ግን እንደ ማንኛውም ዚፕ (የታሸገ ፋይል) ይከፈታል። ፕሮግራሙ ነገ ባይኖር እንኳ ያለቀው ሥዕል ፒኤንጂ በተባለው የተለመደ የምስል ፋይል ሆኖ ውስጡ ይገኛል።

ላፕቶፕ ላይ የማልደራደረው ራም፣ ኮምፒውተሩ የተከፈተውን ሥራ የሚይዝበት ማህደረ ትውስታ ነው። በኤ3 ወረቀት ልክ፣ በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) የሚሠራ ሥዕል ወርዱ 3,508፣ ቁመቱ 4,961 ፒክስል ነው። ከ17 ሚሊዮን በላይ ነጥብ ማለት ነው። በተለመደው ባለ 8 ቢት ቀለም አንድ ሙሉ ሌየር ብቻውን ወደ 70 ሜጋባይት ይወስዳል። ባለ 16 ቢት ሲሆን እጥፍ ነው። ሌየር ሲደራረብ ደካማ ላፕቶፕ ያቃስታል። እኔ ለነገሩ ሌየር አላበዛም። ቶሎ ቶሎ አዋህዳቸዋለሁ። ሁሉንም ለየብቻ አስቀምጦ የሚሠራ ሰው ምንም ነገር ላይ ሳይወስን ይቆያል ብዬ አምናለሁ። ባክአፕ ላይ አልረዝምም፤ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከቤት ውጭ። የሥራ ፋይል የሌለው ሠዓሊ ንብረት የለውም።

አሁን ወደ ጸሐፊው አባባል ልመለስ። «ቀሪውን ኮምፒውተሩ ይጨርሰዋል» ነው ያሉት። ኮምፒውተሩ ስለ ሥዕል ምን ያውቃል?

በቅርቡ የጨረስኩትን አንድ ሥዕል ልውሰድ። አንዲት አሮጊት መስኮት ዳር ተቀምጠው መርፌ ውስጥ ክር ሊያስገቡ ይታገላሉ። የማታ ፀሐይ ገብታ ጉልበታቸው ላይ ያለውን ጨርቅ ብርቱካናማ አድርጋዋለች። እጆቻቸው በከፊል ጥላ ውስጥ ናቸው። ሥዕሉን ያየ ሁሉ የእጃቸውን ጥላ «ሰማያዊ ነው» ይለኛል። እውነትም ሰማያዊ ይመስላል። የቀለም መምረጫውን እዚያ ላይ ሳስቀምጠው ግን ቀይ 142፣ አረንጓዴ 138፣ ሰማያዊ 134 ይላል። ይህ ሰማያዊ አይደለም። እንዲያውም ትንሽ ወደ ቡኒ ያደላ ግራጫ ነው። ያንኑ ቀለም ቆርጬ ባዶ ግራጫ ገጽ ላይ ብቻውን ባስቀምጠው ማንም ሰማያዊ ብሎ አይጠራውም። ሰማያዊ ያስመሰለው አጠገቡ ያለው ብርቱካናማ ጨርቅ ነው።

ይህንን ነገር ሚሼል ዩዤን ሼቭረል የተባለ ፈረንሳዊ ኬሚስት እ.ኤ.አ. በ1839 ባሳተመው መጽሐፍ አብራርቶታል። ሰውየው በታዋቂው የጎብላን የሽመና ፋብሪካ የማቅለሚያ ክፍል ኃላፊ ነበር። ጥቁሩ ቀለም ደከመ የሚል አቤቱታ ይመጣለታል። ክሩን ሲመረምረው ምንም ጉድለት የለበትም። ያደከመው ከጎኑ የተሸመነው ሌላው ቀለም ኖሯል። አንድ ቀለም እንደ ጎረቤቱ ሆኖ ይታያል ማለት ነው። በቀለም ያቀለመ ሁሉ ይህን በልምድ ያውቀዋል፤ ሼቭረል ግን ከነምክንያቱ ሥርዓት አስያዘው።

እንግዲህ ኮምፒውተሩ የሚያውቀው 142፣ 138፣ 134ን ነው። ሰማያዊውን አያውቀውም። ሰማያዊው ያለው የተመልካቹ ዓይን ውስጥ ነው። እዚያ እንዲታይ ያደረገው ሠዓሊው ነው፤ ያውም ሰማያዊ ቀለም ሳይነካ። እውነተኛ ሰማያዊ ባደርግበት ኖሮ እጃቸው የበረደው፣ የታመመ ሰው እጅ ይመስል ነበር። እኔ የፈለግኩት ሞቅ ያለ፣ የደከመ፣ ገና የሚሠራ እጅ ነው።

ክሩ ደግሞ ከዚያ የባሰ አስቸግሮኛል። በሥዕሉ ውስጥ ከሁሉም ቀጭኑ ነገር እሱ ነው፤ ታሪኩ ሁሉ ያለው ግን እሱ ላይ ነው። ከጫፍ እስከ ጫፍ ስስለው ሽቦ መሰለ። ነጭነቱን ስጨምርለት ከእጃቸው ተላቆ ብቻውን የተንሳፈፈ ሆነ። በመጨረሻ መሐሉን ቆረጥኩት። ጣታቸው አጠገብ ይጀምራል፤ ብርሃኑ ውስጥ ሲገባ ይጠፋል፤ ከዚያ የመርፌው ዓይን አጠገብ አንዴ ብልጭ ይላል። እዚያ ጋ እንዲለይ ከጀርባው ያለውን የመስኮት ፍሬም አጨለምኩት። የቀረውን ክር ተመልካቹ ራሱ ያየዋል። አንዳንዶች ሥዕሉን አይተው «ክሩን እንዴት እንዲህ አቅጥነህ ሳልከው?» ብለው ጠይቀውኛል። የሚጠይቁኝ ስላልተሳለው ክር ነው። ይህን ውሳኔ የትኛው ቁልፍ ነው የሚወስነው?

ቀለም ከመንካቴ በፊት በጥቁር፣ በግራጫና በነጭ ብቻ ትንንሽ ረቂቆች እሠራለሁ። በሦስት የብርሃን ደረጃ ያልቆመ ሥዕል ቀለም አያድነውም። ከዚያ በኋላ ደጋግሜ አሳንሼ አየዋለሁ። እንደ መስተዋት ገልብጬም አየዋለሁ፤ ክሪታ ላይ የኤም ቁልፍን መጫን ይበቃል። የተዛነፈ ዓይን፣ የወረደ ትከሻ ያን ጊዜ ይጋለጣል። ብሩሽ ሰብስቦ ማከማቸት አልወድም። አንድ ጠንካራ፣ አንድ ለስላሳ፣ አንድ ጠርዙ የሻከረ ለአብዛኛው ሥራዬ ይበቁኛል። ኮንትሮል ዜድ፣ የመጨረሻውን መስመር የምትሰርዘው ትእዛዝ፣ መልካም ነገር ናት። ግን በየመስመሩ እየተመለሱባት ከሠሩ እጅ ይሰንፋል። ረቂቅ ላይ መስመሩ ካላማረኝ ከመሰረዝ ይልቅ በላዩ ሌላ እደርባለሁ። ዙምን ግን እፈራዋለሁ። አቅርበው ሲያዩት ማለቂያ የለውም። ማንም የማያየው ሽፋሽፍት ላይ ግማሽ ቀን ይሄዳል፤ ወደኋላ ተመልሰው ሲያዩት ፊቱ ሞቷል።

ስክሪኔን በመለኪያ መሣሪያ አስተካክለዋለሁ። ነጩ 6,500 ኬልቪን አካባቢ፣ ማለትም የቀን ብርሃን የሚመስል፣ እንዲሆን አደርጋለሁ። ማታ ማታ ስክሪኑን ወደ ቢጫ የሚወስደውን ሴቲንግ ስስል አጠፋዋለሁ። የፕሮግራሙን መደብ ግራጫ አድርጌዋለሁ፤ ነጭ መደብ ላይ ሁሉም ቀለም ከልኩ በላይ ጨለማ ይመስላልና። ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ሥዕሉ ከእኔ ስክሪን ወጥቶ ሌላ ሰው ዘንድ ሲደርስ ያው ሥዕል እንዲሆን ነው።

እዚህ ላይ ነገሩ እናንተንም ይነካል። ያ የዝናብ ሥዕል ገጻችሁ ላይ ሲታተም ምን እንደሆነ አይታችሁታል? የጃንጥላው ጠርዝ ላይ ትንንሽ ካሬዎች ይታያሉ። ጄፔግ የተባለው የፋይል ዓይነት ምስልን የሚጨምቀው 8 በ8 ፒክስል በሆኑ ካሬዎች እየከፋፈለ ነው። ሥዕሉ ከአንዱ ወደ ሌላው እየተወሰደ፣ እንደገና እየተጨመቀ ሲሄድ ካሬዎቹ ይወጣሉ። መጠኑም አለ። ወርዱ 1,080 ፒክስል የሆነ ምስል በ300 ዲፒአይ ሲታተም የሚሸፍነው 9 ሴንቲሜትር ገደማ ብቻ ነው። እናንተ ግን የገጹን ግማሽ ዘርግታችሁበታል።

ቀለሙም እንዲሁ ነው። ስክሪን የሚሠራው በቀይ፣ በአረንጓዴና በሰማያዊ ብርሃን ነው። ማተሚያ የሚሠራው በሲያን፣ በማጀንታ፣ በቢጫና በጥቁር ቀለም ነው። ስክሪን ላይ የሚያበራው ደማቅ አረንጓዴ ወረቀት ላይ የለም። የጋዜጣ ወረቀት ደግሞ ቀለም ይጠጣል። የኅትመት ነጠብጣቦቹ ይሰፋሉ፤ ጥላ ውስጥ ያለው ሁሉ ይደፈናል። የመንገዱ ርጥበት፣ የሥዕሉ ነፍስ የነበረው ነገር፣ እናንተ ጋ ጥቁር ጥላሸት ሆኖ ቀርቷል። ሠዓሊው ተጠይቆ ቢሆን ትልቁን ፋይል አውጥቶ፣ ጥላውን ከፍ አድርጎ፣ በወረቀታችሁ ልክ አዘጋጅቶ ይልክ ነበር። ይህ እኛ ሁሌ የምናደርገው ሥራ ነው።

ምናልባት ጸሐፊው በልባቸው የነበረው በጽሑፍ ትእዛዝ ምስል የሚያወጣው ሰው ሠራሽ አስተውሎት ይሆናል። ከሆነ እሱ ሌላ ነገር ነው፤ ከዲጂታል ሥዕል ጋር አንድ ከረጢት ውስጥ ባይከቱት እመርጣለሁ። እኔ አልጠቀምበትም። ምክንያቴም የፈቃድ ጉዳይ ነው። እንዲህ ያሉ ሥርዓቶችን ለማሠልጠን ከዋሉት ስብስቦች አንዱ፣ እ.ኤ.አ. በ2022 ይፋ የሆነው ላዮን 5ቢ፣ 5.85 ቢሊዮን የምስልና የመግለጫ ጥንዶች ነበሩት። ከኢንተርኔት የተለቀሙ ናቸው። ምስሎቹን የሠሩትን ሰዎች ማን ጠየቃቸው? «ምንጭ፦ ኢንተርኔት» የሚለው ልማድ መጨረሻው ይህ ነው። በአሜሪካ አንድ የፌዴራል ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2023 ያለ ሰው ደራሲነት በማሽን ብቻ የተፈጠረ ምስል የቅጂ መብት አያገኝም ብሎ ወስኗል። በ2025 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት አጽንቶታል። ሕግም ቢሆን የሚፈልገው ከሥዕሉ ጀርባ ያለውን ሰው ነው።

የቱ የሰው፣ የቱ የማሽን እንደሆነ መለየት ካስፈለጋችሁ የሥራ ፋይሉን ጠይቁ። ረቂቁ፣ ሌየሮቹ፣ ተሞክረው የቀሩት ነገሮች እዚያ ውስጥ አሉ። በእጁ የሠራ ሰው ለማሳየት ደስ ይለዋል።

ስም ሲባል ቅንጦት የሚመስላቸው አሉ። በግሉ ለሚሠራ ሰው ግን ስሙ ነው የሚያሠራው። አንድ ድርጅት የሠራሁለትን ሽፋን ስሜን ሳይጽፍ አሳተመው። ሽፋኑን የወደደ ሌላ አሳታሚ ሠዓሊውን ሲያፈላልግ ከርሞ፣ ሲያጣ ለሌላ ሰው ሰጠ። እኔ ይህን የሰማሁት ሥራው ካለቀ በኋላ ነው። የበርን ስምምነት እ.ኤ.አ. በ1886 ሲፈረም የድርሰትና የሥዕል ባለቤቶችን መብት በአገሮች መካከል አስከበረ። በ1928 ሲሻሻል ደግሞ የሥራው ባለቤት መሆንን የማሳወቅ መብት ተጨመረበት። የኢኮኖሚ መብቱን ለሌላ ቢያስተላልፍ እንኳ ይህኛው ከእሱ ጋር ይቀራል። አዲስ ነገር እየጠየቅኩ አይደለም።

የዚያን ሥዕል ባለቤት ማግኘት ከባድ አይደለም። በምስል መፈለጊያ ሲፈለግ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የተለጠፈበት ገጽ ይወጣል። ካስፈለገ አብሬያችሁ እፈልጋለሁ። ሲገኝ ስሙ ወይም ስሟ በሚቀጥለው እትም በዚያው ገጽ ይውጣ፤ የሚገባውም ክፍያ ይከፈል። ካልተገኘ ደግሞ ሌላ ሥዕል ፈልጉ። በአካባቢያችሁ በደስታ የሚስልላችሁ ሰው አይጠፋም።

ከእንግዲህ ሥዕል ስትፈልጉ የአምዱን ስፋት በሴንቲሜትር፣ የወረቀቱን ዓይነትና የማተሚያ ቤታችሁን የቀለም ፕሮፋይል (ማተሚያው ቀለምን እንዴት እንደሚያወጣ የሚገልጸውን ፋይል) ንገሩን። ቀሪውን እኛ አዘጋጅተን እንልካለን። ስማችንን ከሥዕሉ ሥር፣ የዘጋቢዎቻችሁ ስም በሚጻፍበት የፊደል መጠን አትሙልን።